ባያስታውሱም ይሰማቸዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ስለ መርሳት በሽታ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ብዙ ቤተሰብ በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚሸከመውን ጉዳይ ወደ አደባባይ ማውጣታችሁ ያስመሰግናችኋል፤ ስለ በሽታው ዓይነቶችና ስለ ምርመራው የተሰጠው ማብራሪያም በአመዛኙ የሚያስማማኝ ነው። ነገር ግን በጽሑፉ ማገባደጃ ላይ፣ ሕመሙ እየጠና ሲሄድ ታማሚው ምንም ስለማያውቅ ሥቃዩ የቤተሰቡ ብቻ ሆኖ ይቀራል የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ሐሳብ ነው። ጸሐፊው ብቻቸውን የፈጠሩት አይደለም፤ ለማጽናናት ተብሎ በየታማሚው ቤት ይነገራል። «እሳቸው እንደሆነ አይታወቃቸውም፤ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ» ይባላል። በቅን ልቡና የሚባል ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ጉዳቱም በንግግር ብቻ አይቀርም፤ ምክንያቱም ሰውየው አይታወቀውም ብሎ ያመነ ሰው፣ በፊቱ ምን እንደሚናገርም ሆነ በምን ዓይነት እጅ እንደሚነካው መጠንቀቅ ያቆማል።

እናቴን የአልዛይመር በሽታ፣ አባቴን ደግሞ በተደጋጋሚ በደረሰባቸው መለስተኛ ስትሮክ ምክንያት የመጣ የመርሳት ሕመም ይዟቸው፣ ከእኅቴ ጋር ሆነን ሁለቱንም አስታመናል። አባቴ አርፈዋል፤ እናቴ ዛሬም ከእኛው ጋር ናቸው። የምጽፈው እንደ ሐኪም ሳይሆን፣ ሐኪሞች የጻፉትንም ሲያነብብ እንደኖረ አስታማሚ ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘበትን ታሪክ ብቻ ብንመለከት እንኳ ታማሚው አያውቅም የሚለው አባባል ከመነሻው የማይጸና መሆኑን እንረዳለን። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል የተቀበላት ኦጉስተ ዴተር የተባለች ሴት የ51 ዓመት ሰው ነበረች። ስሟን ሲጠይቃት «ኦጉስተ» አለችው፤ የቤተሰብ ስሟን ሲጠይቃት «ኦጉስተ»፤ የባሏን ስም ሲጠይቃትም «ኦጉስተ መሰለኝ» ብላ መለሰች። ይህንን ብቻ ያነበበ ሰው በእርግጥም ምንም አታውቅም ሊል ይችላል። ሆኖም ያችው ሴት ስሟን እንድትጽፍ ተጠይቃ መጨረስ ሲያቅታት «ራሴን አጥቻለሁ» ማለቷ በሕክምና ማኅደሯ ሰፍሯል። የባሏን ስም መጥራት የተሳናት ሰው፣ የደረሰባትን ነገር ግን ከየትኛውም ሐኪም በተሻለ ሁኔታ በሁለት ቃላት ገልጣዋለች። ኦጉስተ ከሞተች በኋላ አልዛይመር አንጎሏን መርምሮ ያገኘውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1906 ቱቢንገን ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያቀርብ እምብዛም ጆሮ የሰጠው አልነበረም፤ በሽታው በእሱ ስም የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን ባሳተመው የአእምሮ ሕክምና መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች ጉዳዩን የበለጠ ግልጽ አድርገውታል። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት 17 የአልዛይመር ታማሚዎችና 17 ጤነኛ አረጋውያን በመጀመሪያ አሳዛኝ፣ በኋላም አስደሳች የፊልም ቁርጥራጮችን እንዲመለከቱ ተደረገ። ታማሚዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ቆይተው ስላዩት ነገር ሲጠየቁ ብዙውን ረስተውታል፤ አንደኛው ታማሚ እንዲያውም ፊልም ማየቱን ጨርሶ አላስታወሰም። ሐዘኑና ደስታው ግን ከትዝታው በኋላም አብሯቸው ቆይቷል፤ ከዚህም በላይ ፊልሙን ይበልጥ የረሱት ሰዎች ሐዘናቸው ይበልጥ የቆየ ሆኖ ተገኝቷል። እኔ እንደምረዳው ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ጤነኛ ሰው የከፋውን ምክንያት ስለሚያውቅ «ፊልም ነው እኮ» ብሎ ራሱን ያረጋጋል፤ ምክንያቱ የጠፋበት ሰው ግን በምን ይጽናና? በአልዛይመር አስቀድሞ የሚጎዳው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የዕለቱን ክስተት መዝግቦ የሚያስቀር ሲሆን፣ ስሜት ግን በዚህ ክፍል ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም። ስለዚህ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ልብ ሊከፋ ይችላል።

ይህንን በዓይኔ ያየሁት ሊጠይቁን በሚመጡ ደጋግ ዘመዶች ምክንያት ነው። አንድ የቅርብ ዘመዳችን ገብቶ እናቴ ፊት ይቆምና «እስቲ እኔ ማን ነኝ?» ይላል። እናቴ ፈገግ ብለው «አንተን ደግሞ እንዴት እረሳሃለሁ!» ይላሉ፤ ይህ መልስ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች በብልሃት የሚሸሸጉበት መልስ ነው። እንግዳው እዚያ ላይ ቢተወው መልካም ነበር፤ እሱ ግን ለመቀለድ ብሎ «እንግዲያው ስሜን ይንገሩኛ!» ሲል ይጨምራል። በዚህ ጊዜ የእናቴን ፊት ሳይሆን እጃቸውን ነበር የማየው። ፊታቸው ፈገግታውን እንደያዘ፣ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው የቀሚሳቸውን ጠርዝ ይዘው ያሻሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ይለቃሉ፣ መልሰው ይይዛሉ። እንግዳው ከሄደ በኋላ መምጣቱንም አያስታውሱም፤ ነገር ግን እስኪመሽ ድረስ እየመጡ «ምን አጠፋሁ?» ይሉኛል። ያጠፉት ነገር የለም፤ ፈተና ወድቀዋል፤ ፈተናው ጠፍቶ ውድቀቱ ብቻ ተርፏቸዋል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሰው ሁሉ በር ላይ አንድ ነገር መናገር ልማዳችን ሆነ፤ ሲገቡ «እኔ እገሌ ነኝ፤ ላይዎት መጣሁ» ይበሉ እንጂ አይጠይቋቸው እንላለን። አንዳንዱ ሰው ይህ ክብራቸውን የሚነካ ይመስለውና ያመነታል። በእኔ አስተያየት ግን ስሙን ቀድሞ የሚነግር ሰው እፍረትን ነው የሚያስቀርላቸው።

ከመፈተን የሚከተለው ማረም ነው። እናቴ መታመም በጀመሩበት ወቅት አባቴ ገና ደህና ነበሩ፤ እውነትን አጥብቀው የሚወዱ፣ ሒሳብ ሳንቲም ቢጎድል እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ። እናቴ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው በሩ አጠገብ ይቆማሉ። «እናቴ ትጠብቀኛለች፤ ከመሸ ትቆጣለች» ይላሉ። አያቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። አባቴ ከመቀመጫቸው ሆነው «እናትሽ እኮ ሞታለች፤ አብረን አይደለም እንዴ የቀበርናት?» ይሏቸዋል። ቃሉ እውነት ነበር፤ ሆኖም እናቴ የእናታቸውን መርዶ የሚሰሙት በየምሽቱ እንደ አዲስ ነበር፤ በየምሽቱም እንደ አዲስ ያለቅሱ ነበር። ጥቂት ቆይተው ለምን እንደሚያለቅሱ ይጠፋባቸዋል፤ ልቅሶው ግን አይቆምም።

እኅቴ ያገኘችው ዘዴ ከዚህ የተለየ ነበር። እሷም በሩ አጠገብ ትቆማለች፤ ቦርሳውን አትቀማቸውም፤ «ተመለሱ» አትላቸውም። «እማዬ፣ እናትዎ ልጅ ሳሉ ምን ብለው ነበር የሚጠሩዎት?» ትላቸዋለች። እናቴ የቤት ስማቸውን ይነግሯታል፤ ከዚያ ስለ ታናሽ ወንድማቸው፣ ከዚያ ጠጉራቸውን ሲሠሯቸው ስለሚያማቸው ሕመም ያወራሉ፤ ወሬ እያወሩ መቆም ስለሚያደክም ይቀመጣሉ፤ ቦርሳው ከክንዳቸው ይወርዳል። ሐኪሞች በአመሻሽ የሚመጣው እንዲህ ያለ መረበሽ ከቀኑ ድካም፣ ከብርሃን መቀነስና ከአንጎል የሰዓት ሥርዓት መዛባት ጋር የተያያዘ መሆኑን ይናገራሉ፤ መብራቱን ቀደም ብሎ ማብራትም በእኛ ቤት ጠቅሟል። ዋናው ጉዳይ ግን «ወደ እናቴ ልሂድ» የሚል ሰው አድራሻ እየጠየቀ አለመሆኑን መረዳት ነው። የሚፈልጉት እናታቸው ዘንድ የነበረውን መረጋጋት ነው፤ እኅቴም የሰጠቻቸው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ይህ መዋሸት አይደለም ወይ የሚል አንባቢ መኖሩን አውቃለሁ፤ አባቴም ይህንኑ ይሉ ነበር። በአስታማሚዎች መካከል በዚህ ጉዳይ ስምምነት የለም። አንዳንዱ «ነገ ይመጣሉ» ብሎ ማለፍን ነውር አያደርገውም፤ ሌላው አንዲት የሐሰት ቃል አይወጣውም። የእኔ አቋም በመካከል ያለ ነው፤ ያልሆነውን ሆነ አልልም፤ የሆነውን ሁሉ ደግሞ በየሰዓቱ የመንገር ግዴታ አለብኝ ብዬ አላምንም። እናቴ ዓይኔን እያዩ፣ ረጋ ብለው «እናቴ ሞታለች እንዴ?» ብለው የጠየቁኝ ጊዜ ግን አዎ ብያቸዋለሁ፤ እጃቸውንም ይዤ አብሬያቸው ቆይቻለሁ። ያ ጥያቄ በር ላይ ከሚነሣው ጥያቄ የተለየ ነበርና መልሱም ሊለይ ይገባው ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያስረዳ መመሪያ የለም፤ ጠያቂውን ማወቅ ነው ያለው።

ኋላ ላይ አባቴም ታመሙ። የእሳቸው ሕመም እንደ እናቴ ቀስ በቀስ የሚያዳልጥ ሳይሆን፣ ለወራት በአንድ ደረጃ ላይ ቆይቶ በአንድ ቀን ዝቅ የሚል ነበር፤ በአንጎል የደም ሥር ችግር ለሚመጣው ዓይነት ይህ የተለመደ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር፣ የሰፈሩ መንገድና የልጆቻቸው ስም ከጠፋባቸው በኋላ እንኳ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባትና ጠርዝ አጥፎ መስፋት አልጠፋባቸውም። አንድ ቀን ለምርመራ ሄደን ወጣቱ ሐኪም ዛሬ ዕለቱ ማን እንደሆነ፣ ከመቶ ሰባት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ይጠይቃቸዋል። አንዱንም አልመለሱም፤ በመካከሉ ጎንበስ ብለው የሐኪሙን ነጭ ጋዋን ጫፍ ያዙና በሁለት ጣታቸው ስፌቱን ተከትለው እየዳሰሱ «ይህን ማን ሰፋው? ክሩ ላልቷል፤ ሳምንት አይቆይም» አሉ። ሐኪሙ ጋዋኑን ገልብጦ አየው፤ እውነትም ስፌቱ ከውስጥ ተተርትሮ ነበር። የምርመራ ወረቀቱ ላይ ለዚህ ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ አልነበረም። ሐኪሙ ግን ብልህ ሰው ስለነበር ወረቀቱን አስቀምጦ ስለ ስፌት ይጠይቃቸው ጀመር፤ አባቴም እዚያ ክፍል ውስጥ ከገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ተቀመጡ።

እጅ የለመደው ሙያ ከዕለት ትዝታ በተለየ የአንጎል መንገድ የሚጠበቅ መሆኑ በሳይንስ የታወቀ ነው፤ በልጅነት የተማሩት ዜማና ጸሎትም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ይቆያል። እኛም ይህንን ካየን በኋላ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰጠናቸው ይውሉ ነበር፤ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ሲሠሩ ያየ ሰው ታማሚ አይላቸውም ነበር። እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ የምፈልገው፣ በየቦታው እንደሚታየው አረጋውያንን ሰብስቦ የሕፃናት ሥዕል ቀለም ማስቀባት ከዚህ ጋር አንድ አለመሆኑን ነው። ሙያ የነበረውን ሰው በሙያው መያዝና ጊዜ እንዲያሳልፍ በመጫወቻ መያዝ የተለያዩ ናቸው፤ እነሱም ልዩነቱን አይስቱትም። እንደ ሕፃን በተቀጠነ ድምፅ ሲናገሯቸው ገላ መታጠብን እምቢ ማለታቸውና መቆጣታቸው እንደሚጨምርም በጥናት ታይቷል።

ይሰማቸዋል ስንል ደግሞ ደስታና ሐዘን ብቻ ሳይሆን የአካል ሕመምም ይሰማቸዋል ማለታችን ነው፤ ችግሩ የት እንደሚያማቸው መናገር አለመቻላቸው ነው። አባቴ በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ተለወጡ፤ ሌሊቱን ሙሉ በክፍሉ ጥግ ከሌለ ሰው ጋር ይጣላሉ፤ ቀን ደግሞ ዓይናቸውን መግለጥ ይከብዳቸዋል። የሰው ሁሉ አስተያየት በሽታው ጠናባቸው የሚል ነበር። እኅቴ ግን ሕመማቸው በአንድ ቀን ዝቅ የሚል ቢሆንም እንዲህ ያለ መልክ የለውም ብላ አልቀበልም አለች፤ ሲመረመሩ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተገኘባቸው፤ ታክመውም ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመለሱ። ይህንን አስታማሚ ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፤ ድንገተኛ ለውጥ አዲስ በሽታ ነው ተብሎ መጠርጠር አለበት። ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ በአግባቡ ያልታከመ ሕመም፣ ለአለርጂ ወይም ለእንቅልፍ ተብለው የሚሰጡ አንዳንድ የቆዩ መድኃኒቶች እንኳ የአረጋዊን አእምሮ በቀናት ውስጥ ሊያቃውሱ ይችላሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚቀናው መንገድ ማደንዘዣ መሳይ መድኃኒት መስጠት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 አንቲሳይኮቲክ የሚባሉት አዳዲስ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲታተምባቸው አድርጓል፤ ሌዊ ቦዲ በሚባለው ዓይነት የተያዙ ሰዎች ደግሞ በእነዚህ መድኃኒቶች እጅግ ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ። ሐኪም አስፈላጊ መስሎት የሚያዝበት ጊዜ ይኖራል፤ መጠየቅ ግን መብታችን ነው።

በጋዜጣችሁ ስለ ቅድመ ምርመራ የተባለውን በአጭሩ ላጠናክረው። «እርጅና ነው» የሚለው የምርመራ ውጤት አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ድባቴ፣ ከመውደቅ በኋላ በአንጎል ዙሪያ የሚቋጥር ደም የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰባሰቡ ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሪፖርት የደም ግፊትን፣ የመስማት ችግርን፣ የስኳር በሽታንና የብቸኝነት ኑሮን ጨምሮ ለሕመሙ የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን መቆጣጠር ቢቻል ከመርሳት ሕመም ውስጥ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምተዋል። የአባቴ የደም ግፊት ለዓመታት ሳይታከም ስለመቆየቱ ብዙ ባልል ይሻላል።

ሌላው፣ ከሁሉም በላይ ቤተሰብን የሚያቆስለው ነገር ክስ ነው። አባቴ ገንዘባቸውን ካልሲ ውስጥ፣ የትራስ ልብስ ውስጥ፣ አንዴም የስፌት መኪናው መሳቢያ ሥር ይደብቁ ነበር፤ ያስቀመጡበት ሲጠፋባቸው «ሰረቅሽኝ» የሚሉት እኅቴን ነው፤ ምክንያቱም ቀንና ሌሊት አጠገባቸው ያለችው እሷ ናት። በስልክ ብቻ የሚጠይቁ ልጆች አይከሰሱም። ነገሩን ከእሳቸው ወገን ሆነን ካየነው ግን እብደት የለበትም፤ ገንዘብ ነበረ፣ አሁን የለም፣ ማንሣታቸውን አያስታውሱም፣ እንግዲህ ሌላ ሰው ወስዶታል ማለት ነው። ከተሰጣቸው ማስረጃ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ነው። እኅቴ «እኔ አልወሰድኩም» ብላ መማል ትታ «ገንዘብ ሲጠፋ ያናድዳል፤ ኑ አብረን እንፈልግ» ማለት ስትጀምር ጠቡ በረደ። ሆኖም እሷም ሰው ናት፤ አባቷ ሌባ ሲሏት ሌሊት ታለቅስ ነበር። በሽታው ነው የሚናገረው ብሎ ማወቅ ያጽናናል እንጂ ሕመሙን አይሽረውም፤ ይሽራል የሚሉ ሰዎች አስታመው የሚያውቁ አይመስለኝም።

በልጆች መካከል ስለሚነሣው ክርክርም እንዲሁ ዝም ማለት አልችልም። ሩቅ ያለው ወንድማችን በስልክ እናቴን ያነጋግርና «ደህና ናቸው እኮ፤ ታጋንናላችሁ» ይለን ነበር። እውነቱን ነው፤ በስልክ ደህና ነበሩ። ሰላምታ፣ ምርቃት፣ «ልጆቹስ? ሥራስ?» ማለት ለዘመናት የተለመደ ስለሆነ ከሁሉም ኋላ ነው የሚጠፋው፤ የአምስት ደቂቃ ወሬ በዚያ ብቻ ይሞላል። በበሽታው መጀመሪያና መካከል ላይ እንግዳ ሲመጣ ተሰብስበው የሚያምርባቸው፣ እንግዳው ሲወጣ ግን ደክመው የሚወድቁ ብዙዎች ናቸው። ወንድማችን እረፍት ወስዶ መጥቶ ሌሊቱን ሲያድር ነው ክርክሩ ያቆመው። ስለዚህ ለየትኛውም ቤተሰብ የምመክረው፣ በስብሰባ ከመከራከር ይልቅ የሚጠራጠረውን ሰው ታማሚው ዘንድ ብቻውን ማሳደር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ከሚውለው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶ ያህሉን የሚሰጡት ሴቶች መሆናቸውን ይገልጻል፤ በየቤታችን ሥራው ሳይነገር በሴት ልጅ ላይ እንደሚወድቅ ለማወቅ ግን ድርጅቱን መጠየቅ አያስፈልግም። እኅቴ ሥራዋን ስትለቅ ማንም «ልቀቂ» አላላትም፤ «አትልቀቂ» ያላትም አልነበረም።

ውክልናና ኑዛዜን የመሳሰሉ ጉዳዮች ሰውየው ገና አእምሮው እያወቀ፣ እሱ ራሱ በሚፈልገው መንገድ፣ ሁሉም ልጆች እየሰሙ ቢፈጸሙ ኋላ ከሚመጣ ፍርድ ቤት ያድናሉ። ይህን ማንሣት ክፉ መመኘት ተደርጎ ስለሚቆጠር ይዘገያል፤ በእኛም ቤት ያነሡት እናቴ ራሳቸው ናቸው፤ የምርመራውን ውጤት በሰሙ ማግሥት። ልብ በሉ፤ ያን ቀን ከእኛ ሁሉ የበለጠ የተረጋጉት እሳቸው ነበሩ።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ፣ ሰው በአካል እያለ በአእምሮ ሲርቅ የሚመጣውን ሐዘን መዝጊያ የሌለው፣ ለቀስተኛም የማይመጣበት ሐዘን አድርጋ ገልጣዋለች። ጸሐፊያችሁ ስለ ቤተሰቡ ሥቃይ ያሉት ከዚህ አንጻር ትክክል ነው፤ የምቃወመው «ብቻ» የሚለውን ነው። የቤተሰቡ ሐዘን የታማሚውን ስሜት ካስረሳን፣ በሰውየው ፊት ሰውየውን እንደ ሞተ አድርገን ማውራት እንጀምራለን። በአንድ የሕክምና ተቋም እናቴ አልጋ አጠገብ ሁለት ሰዎች «ከዚህ በኋላ ምን ቀራቸው» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። እናቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቃሉን ተረድተውት ይሁን ድምፁን፣ ለእኔ ልዩነት የለውም።

አሁን እናቴ የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ መዋጥም እያስቸገራቸው ነው። በቱቦ መመገብ በበሽታው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች ዕድሜ እንደማያራዝም፣ ምግብ በትንታ ወደ ሳንባ መግባቱንም እንደማይከላከል የአረጋውያን ሐኪሞች ስለሚገልጹ፣ በቤተሰብ ተመካክረን በእጅ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቀና አድርገን ለማጉረስ ወስነናል። አንድ ማዕድ አንድ ሰዓት ይወስዳል። የሚያጎርሳቸው ሰው ቸኩሎ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። እኅቴ ተቀምጣ ስለ ውሎዋ እያወራች ስታጎርሳቸው ግን ይከፍታሉ።

በመጨረሻም ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ይጨመራሉ። ከእነዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያሉት መናገር፣ መጻፍና ስለ ራሳቸው ማስረዳት የሚችሉ ናቸው። የዓለም የአልዛይመር ቀን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 21 ቀን ይታሰባል፤ በመጪው ዓመት ስለ በሽታው ስትጽፉ ከሐኪሙና ከቤተሰቡ ቀጥሎ ታማሚውንም ብትጠይቁ፣ ጥያቄውን አሳጥራችሁ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ መልሱ እስኪመጣ ታግሣችሁ ብትጠብቁ፣ ፎቶግራፍ ማተም ካስፈለገም ራሳቸውን ጠይቃችሁና ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ ብታትሙት መልካም ነው። ለዚህ ዓይነት ቃለ መጠይቅ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎችን በማገናኘት እኔና እኅቴ ልንተባበራችሁ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ